በህንድ የባህል ሕክምና ውስጥ የዱር እንጉዳይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ «ተአምረኛው የህንድ እንጉዳይ» በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዞረው ወሬ ብዙ ነው። ካንሰር ያጠፋል፣ ስኳር ያስተካክላል፣ ጉልበት ይሰጣል ይባላል። የጫካው ባለዕውቀቶች ግን በአብዛኛው እንዲህ አያወሩም። እነሱ ዘንድ አንዱ እንጉዳይ ለቃጠሎ ነው፣ ሌላው ለሕፃን ድድ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ለወጥ ብቻ ነው። ሁሉን የሚያድነው እንጉዳይ ገበያው የፈጠረው ነው። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የህንድ ባህላዊ ሕክምና ማለት አዩርቬዳ አይደል እንዴ?

አዩርቬዳ አንዱ ክፍል ነው። የተጻፈ ሕክምና ነው፤ ድርሳን አለው፣ ኮሌጅ አለው፣ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ እሱንና መሰሎቹን የሚመራ አዩሽ የተባለ ሚኒስቴር አለው። ከእሱ ጎን ለጎን ግን መጽሐፍ የሌለው ሌላ ሕክምና አለ። ከአያት ወደ ልጅ ልጅ በቃል የሚተላለፍ፣ ከአንድ ሸለቆ ወደ ሌላው የሚለያይ የጫካ ሰዎች ዕውቀት ነው። የዱር እንጉዳይ መድኃኒትነት በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው።

ይህ እንዲሁ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። የጥንቱ የሱሽሩታ የሕክምና ድርሳን እንጉዳዮችን ያውቃቸዋል። በጭድ ላይ የሚበቅል፣ በሸንኮራ አገዳ ላይ የሚበቅል፣ በእበት ላይ የሚበቅል፣ በቀርከሃ ላይ የሚበቅል፣ ከመሬት የሚወጣ እያለ በየበቀሉበት ይለያቸዋል። ነገር ግን የሚያነሳቸው ከሚበሉ አታክልቶች ጋር ነው። የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ የሂንዱ ሕግ መጽሐፍ ደግሞ ለላይኞቹ መደቦች እንጉዳይን ከነጭ ሽንኩርትና ከቀይ ሽንኩርት ጋር አብሮ ከልክሏል። ቆሻሻ ነገር ላይ የሚበቅል ነውና። እያወቀ የበላ ከማኅበረሰቡ ይወጣል ይላል። እንግዲህ የሚጽፈው ወገን እንዳይነካው የተከለከለውን ነገር ማን ይመራመርበታል? ከዚያ ክልከላ ውጭ የሚኖሩት፣ አዲቫሲ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው ዕውቀቱን ያቆዩት።

ታዲያ በትክክል እነማን ናቸው?

በማዕከላዊ ህንድ በማድያ ፕራዴሽና በቻቲስጋር የሚኖሩት ባይጋ፣ ባሪያና ጎንድ የሚባሉት ሕዝቦች በብዛት ይጠቀሳሉ። (ባሪያ እዚህ የሕዝብ ስም ነው፤ በእኛ ቋንቋ ካለው ክፉ ቃል ጋር ምንም አያገናኘውም።) ባይጋዎች በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ሳይቀር በመድኃኒት አዋቂነት የታወቁ ናቸው። ባሪያዎች ደግሞ ፓታልኮት በሚባል ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሸለቆው በመድኃኒት ዕፅዋቱ ስሙ የገነነ ነው። በዚህ አካባቢ የባህል ሐኪሙ ጉኒያ ይባላል። ወደ ምሥራቅ፣ በጃርካንድና በምዕራብ ቤንጋል፣ ሳንታሎች አሉ። በምዕራቡ ጠረፍ በኮንካን በኩል የማራቲ ተናጋሪ ገጠሮች የራሳቸው እንጉዳይ አላቸው። በሂማላያ ተራሮች ደግሞ ኡታራካንድና ሲኪም አሉ፤ የቲቤት ባህል ባለበት ሐኪሙ አምቺ ነው።

ስለዚህ አንድ ወጥ «የህንድ እንጉዳይ ሕክምና» የሚባል ነገር የለም። የአንዱን መንደር ወስዶ የህንድ ነው ማለት በእኛ አገር የአንዱን ወረዳ ልማድ የመላው ኢትዮጵያ ነው እንደማለት ነው።

ለቃጠሎ የሚቀባው የትኛው ነው?

በሳይንሳዊ ስሙ አስትሬየስ ይባላል። ክብ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ግማሽ አካሉ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይወጣል። ሲያረጅ የውጭ ቆዳው ተሰንጥቆ እንደ ኮከብ ይዘረጋል። አየሩ ሲደርቅ ጨረሮቹ ተመልሰው ይጠቀለላሉ፣ ርጥበት ሲመጣ እንደገና ይዘረጋሉ። መሃሉ ላይ ያለችው ከረጢት በቡናማ ዱቄት ትሞላለች። ያ ዱቄት የእንጉዳዩ ዘር ነው ማለት ይቻላል።

ባይጋና ባሪያ ያንን ዱቄት በሰናፍጭ ዘይት ለውሰው በተቃጠለ ቆዳ ላይ ይቀቡታል። ይኼ አጠቃቀም በጥናት ተመዝግቧል። የሰናፍጭ ዘይት በሰሜንና በመካከለኛው ህንድ ኩሽና የማይታጣ ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ከጓዳና ከጫካ ተገናኝቶ የሚሠራ ነው።

የሚገርመው ይኸው እንጉዳይ ጨቅላ ሳለ ውድ ምግብ መሆኑ ነው። በባስታር ቦዳ ይሉታል፣ በጃርካንድ ሩግዳ፣ በሌላው ቻቲስጋር ፑቱ። ዝናብ ገና እንደገባ ሴቶችና ልጆች ሳል በሚባለው ዛፍ ሥር መሬቱን በእንጨት እየጫሩ ይለቅሙታል። ከሳል ዛፍ ሥር ጋር ተጣምሮ የሚኖር ስለሆነ እንደሌላው እንጉዳይ በመጋዘን አይለማም። ጫካው ከተመነጠረ እሱም የለም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ከሥጋ በላይ ይሆናል። ውስጡ ነጭ እስከሆነ ድረስ ይበላል፤ ከጠቆረ በኋላ ግን ለድስት አይሆንም።

ሳንታሎች ፑትካ ስለሚሉት ክብ እንጉዳይ ደግሞ ሌላ ነገር ያወራሉ። ነፍስ አለው ይላሉ። በቋንቋቸው ዛፍና ቅጠል ሕይወት እንደሌለው ነገር ሲነገሩ፣ ፑትካ እንደ እንስሳ ነው የሚነገርለት። ይህን ለማጣራት ፈረንሳዊው የእንጉዳይ ሊቅ ሮዠ ሄምና አሜሪካዊው ጎርደን ዋሰን በ1967 እስከ ቦታው ድረስ ሄደዋል።

እኔም ቃጠሎ ላይ ልሞክረው?

ተዉት። የተቃጠለ ቆዳ ጀርም ለማስገባት በሩ የተከፈተ ነው፤ ከአፈር የወጣ ዱቄትና ዘይት ደግሞ ንጹሕ አይደለም። ዘይቱ ሙቀቱንም ያፍናል። ወዲያው የሚደረገው ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ማብረድ ነው። በረዶ አይደረግም። ሰፊ ወይም ጥልቅ ከሆነ፣ ፊትና እጅ ላይ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ሐኪም ቤት ነው። ባይጋው አያት በዘመናቸው ጤና ጣቢያ ስላልነበረ ያላቸውን ተጠቀሙ። እናንተ ቧንቧ አላችሁ።

ደም ለማቆምስ የሚጠቀሙበት አለ?

አለ። ሲረግጡት ጭስ የመሰለ ዱቄት የሚተፋው ክብ እንጉዳይ ነው። እኛም አገር ሜዳ ላይ ይታያል፣ ልጆች በእግራቸው እየረገጡ ይጫወቱበታል። የደረቀውን ዱቄት በተቆረጠ ቦታ ላይ መነስነስ በህንድ ብቻ ሳይሆን በብዙ አህጉር የኖረ ልማድ ነው። ደረቅ ዱቄት ስለሆነ ደሙን ይመጥጣል፣ ይረጋል።

አደጋው ያለው በአፍንጫ ላይ ነው። ነስር ለማቆም ብለው ወደ አፍንጫ የሚነፉት ሰዎች አሉ። ያ ዱቄት በብዛት ወደ ሳንባ ሲገባ ከባድ የሳንባ ምች መሰል በሽታ ያመጣል። በ1994 በአሜሪካ ዊስኮንሲን 8 ወጣቶች ዱቄቱን ስበው በዚሁ ታመዋል። ለነስር ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ለ10 ደቂቃ መጫን ይበቃል።

ፋንሶምባ የሚባለው ምንድን ነው?

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ይኼኛው ነው። በኮንካንና በምዕራብ ጋትስ ተራሮች የጃክፍሩት ዛፍ ግንድ ላይ የሚወጣ፣ እንደ እንጨት የጠጠረ፣ ለዓመታት የሚቆይ የመደርደሪያ ቅርጽ ያለው እንጉዳይ ነው። ሳይንሱ ፌሊነስ ከሚባለው ወገን ይመድበዋል። በድስት አይገባም፤ ጥርስ ይሰብራል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ድንጋይ ላይ በውኃ ይፈተጋል፣ ቀጭን ሊጥ ይወጣዋል፣ ያ ሊጥ ለሀጩ አላቆም ያለ ሕፃን ድድ ላይ ይቀባል። ለተቅማጥና ደም ለማቆምም ይጠቀሙበታል። በአካባቢው የአዩርቬዳ ሐኪሞችም ከገጠሩ ተቀብለው ይሰጡታል። በጫካው ዕውቀትና በመጽሐፉ ሕክምና መካከል ያለው አጥር እዚህ ላይ ሳስቷል።

ልብ በሉ፦ ማንም ፋንሶምባ ዕድሜ ይጨምራል አላለም። ለሀጭ ያቆማል ነው ያሉት። ዛፉም ተለይቶ ይታወቃል፣ በሽታውም ተለይቶ ይታወቃል። ጥሩ የባህል ዕውቀት ምልክቱ እንዲህ ያለ ጠባብነት ይመስለኛል። ለልጃችሁ ለመስጠት ግን አትቸኩሉ። ጥርስ የሚያወጣ ልጅ ለሀጩ ቢበዛ ያለ ነው፤ መዋጥ ሲያቅተው ወይም ሲያተኩሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው።

ጋኖደርማስ? «የጋኖደርማ ቡና» እየተሸጠልን ነው

ጋኖደርማ በዛፍ ግንድ ላይ የሚበቅል ጠንካራ እንጉዳይ ነው፤ የህንድ ጫካ ውስጥም አለ። ባይጋዎች ለአስም እንደሚጠቀሙበት ተጽፏል። ነገር ግን በካርቶን ታሽጎ፣ በኔትወርክ ማርኬቲንግ፣ በዘመድ አዝማድ በኩል የሚመጣላችሁ ቡና ከባይጋዎቹ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ዝናው የመጣው ከቻይናና ከጃፓን ባህል ነው። ምርቱም በእርሻ የለማ እንጉዳይ ነው።

ይሠራል ወይ ለሚለው ጥሩ መልስ የሚሰጠው በሰው ላይ የተደረገ ሙከራ ነው። ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2016 ባወጣው ግምገማ ካንሰር ላይ የተደረጉ 5 ሙከራዎችን፣ በድምሩ 373 ሰዎችን አየ። ጋኖደርማን የካንሰር ዋና ሕክምና ለማድረግ የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። ከተለመደው ሕክምና ጎን ሊሰጥ ይችል ይሆናል፣ እሱም በጥንቃቄ፣ የሚል ነው መደምደሚያው። በ2015 ደግሞ ስኳርና የልብ በሽታ ሥጋት ላይ 398 ሰዎች የተሳተፉባቸው 5 ሙከራዎች ተገምግመው ነበር። ስኳሩንም ሆነ ኮሌስትሮሉን ለማውረድ ይጠቅማል የሚያሰኝ ነገር አልተገኘም።

ጉዳት አለው ወይ? የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ ደም የማፍሰስ ሥጋቱን ሊጨምር ይችላል። ዱቄቱን የወሰዱ ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት የታየባቸው የሕክምና ሪፖርቶችም አሉ። ከሁሉ የከፋው ግን መድኃኒት ማቆም ነው። የሸጠላችሁ ሰው «ኢንሱሊኑን ተወው» ካለ፣ ዘመድም ቢሆን ጆሮ አትስጡት።

ኪዳ ጃዲ ለምን እንዲህ ውድ ሆነ?

ኪዳ ጃዲ እንጉዳይ ነው ሲባል ብዙ ሰው አያምንም፤ አባጨጓሬ ነው የሚመስለው። እውነቱ ሁለቱም ነው። በሂማላያ ከ3,000 እስከ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ አፈር ውስጥ የምትኖር የእሳት እራት እጭ አለች። ፈንገሱ ይገባባታል፣ ውስጧን በልቶ ይጨርሳታል፣ አካሏን ያደርቀዋል። በረዶው ሲቀልጥ ከጭንቅላቷ ላይ ቀጭን ቡናማ ዘንግ ሆኖ ከመሬት ብቅ ይላል። ለቃሚው የሚፈልገው ያንን እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ዘንግ ነው፣ በሣር መሃል።

በኡታራካንድ በፒቶራጋርና በቻሞሊ በኩል ያሉ መንደሮች በግንቦትና በሰኔ ባዶ ይሆናሉ ማለት ይቻላል። ቤተሰቡ ድንኳኑን ይዞ ተራራ ይወጣል፣ በደረቱ እየተሳበ ይለቅማል። በኪሎ ብዙ መቶ ሺህ ሩፒ ያወጣል። ገዢው በአብዛኛው ቻይና ነው፣ መንገዱ ብዙ ጊዜ በኔፓል በኩል ያልፋል፣ በድብቅም ይሁን በግልጽ።

እንደ ባህል መድኃኒት በጥሩ ሁኔታ የተመዘገበው በሰሜን ሲኪም ነው። በ2011 የታተመ ጥናት የአካባቢው ሐኪሞች ለ21 ሕመሞች እንደሚያዙት ይገልጻል። ሳል፣ አስም፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ የወንድ ድክመት፣ ካንሰር ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። አወሳሰዱ ትሑት ነው፦ አንድ ፍሬ ከአንድ ኩባያ ወተት ወይም ሙቅ ውኃ ጋር፣ አንዳንዱ ደግሞ ቻንግ ከሚባለው የአገር ጠላ ጋር። እዚህ ላይ ከላይ ያልኩትን ማለዘብ አለብኝ፤ ይኼኛው ጠባብ አይደለም። ለ21 በሽታ የሚሆን መድኃኒት ሳይ እኔ በግሌ ጥርጣሬዬ ይጨምራል።

ዓለም የሰማው ደግሞ በሩጫ ምክንያት ነው። በመስከረም 1993 ቤጂንግ ላይ ቻይናዊቷ ሯጭ ዋንግ ጁንሺያ 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ31.78 ሰከንድ ሮጣ ዓለምን ጉድ አሰኘች። አሠልጣኟ ማ ጁንረን ምስጢሩ ልፋትና ይኸው የአባጨጓሬ እንጉዳይ ነው አሉ፤ የኤሊ ደምም ጨመሩበት። ያንን ሰዓት 23 ዓመት ያህል የደፈረው አልነበረም። በነሐሴ 2016 ሪዮ ላይ የሰበረችው የእኛዋ አልማዝ አያና ናት፣ በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዋንግና ጓደኞቿ በ1995 ፈርመውበታል የተባለ፣ የተከለከለ መድኃኒት እንዲወስዱ ይገደዱ ነበር የሚል ደብዳቤ በቻይና መገናኛ ብዙኃን ወጥቷል። የእንጉዳዩ ዝና ግን አልቀነሰም። ማስታወቂያ አንዴ ካመለጠ አይመለስም።

ሁለት ነገር ደግሞ ገዢው ይወቅ። በ2016 የቻይና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በምርመራው ኪዳ ጃዲው ውስጥ ያለው አርሴኒክ በኪሎ ከ4.4 እስከ 9.9 ሚሊግራም መሆኑን ገልጾ አስጠንቅቋል። ለጤና ማሟያ ምግቦች የተፈቀደው 1 ሚሊግራም ነው። በ2020 ደግሞ ዝርያው ለአደጋ የተጋለጡ ፍጥረታት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ከመጠን በላይ እየተለቀመ ነው።

ጉቺ መድኃኒት ነው ወይስ ምግብ?

ምግብ ነው፣ የክብር ምግብ። በካሽሚር፣ በሂማቻልና በኡታራካንድ ጥድ ደኖች ውስጥ በፀደይ የሚወጣ፣ ራሱ እንደ ማር ሰፈፍ የተቦረቦረ እንጉዳይ ነው። ለቃሚዎቹ በክር ሰክተው ምድጃ በላይ ሰቅለው ያደርቁታል። ለደከመ ሰው በወተት አፍልቶ መስጠት በአካባቢው የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ግን ዋጋው ስለተሰቀለ ለቃሚው ራሱ እምብዛም አይቀምሰውም፤ ለዴልሂ ሆቴሎችና ለሠርግ ነው የሚሄደው።

ጥሬውን አይበላም። በ2023 ጸደይ በአሜሪካ ሞንታና አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ጥሬውንና በደንብ ያልበሰለውን የበሉ 51 ሰዎች ታመው 2ቱ ሞተዋል። ያ በእርሻ የለማ ነበር፣ መርዛማ ዝርያም አልነበረም።

በቬዳዎች የሚወደሰው ሶማ እንጉዳይ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ቬዳዎች የህንድ ጥንታዊ ቅዱሳት መዝሙሮች ናቸው፤ ሶማ ደግሞ በእነሱ የሚወደሰው ቅዱስ መጠጥ ነው። እንጉዳይ ነበር የሚለው መላምት ነው። ከላይ ያነሳነው ጎርደን ዋሰን በ1968 ያቀረበው ነው። ዋሰን የባንክ ሰው ነበር፣ እንጉዳይ ፍቅሩ ሆኖ ነው የገባበት። ሶማ ማለት ያ ቀይ ባርኔጣ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት እንጉዳይ ነው አለ። ሐሳቡ ብዙ አወያይቷል፤ አብዛኞቹ የሳንስክሪት ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። በመዝሙሮቹ ውስጥ ሶማ የሚጨመቅ ግንድ ነው፤ ኤፌድራ የተባለው ቁጥቋጦ ነው የሚሉም አሉ። ዛሬ ከሚሠራው የባህል ሕክምና ጋር ግን አይገናኝም።

በደቡብ ህንዷ የተራራ ከተማ በኮዳይካናል ለቱሪስት የሚሸጠው አደንዛዥ እንጉዳይስ?

እሱ ሕክምና አይደለም። አእምሮ የሚያዛባው ንጥረ ነገሩ ሲሎሳይቢን በህንድ የ1985 የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተከለከለ ነው። የምትሄዱ ካላችሁ ፖሊስ ጣቢያ ማደር አይበጅም።

ሳይንስ የጫካውን ዕውቀት አረጋግጦታል?

ጥቂቱን፣ ያውም በከፊል። ጎልቶ የሚጠቀሰው በኬራላ ትሪሱር ያለው አማላ የካንሰር ምርምር ማዕከል ነው። በጃክፍሩት ዛፍ ላይ የሚበቅለውን ፌሊነስና የኬራላን ጋኖደርማ ለዓመታት አጥንቷል። ብግነት የሚቀንሱ፣ በአይጥ ላይ ዕጢ የሚያቀጭጩ ንጥረ ነገሮች አግኝቷል። ቤታ ግሉካን የሚባሉት የእንጉዳይ ስኳሮች የሰውነት መከላከያን እንደሚያነቃቁም በብዙ ቦታ ታይቷል።

ይኼ የሚያስደስት ነው፣ ግን ከአይጥ እስከ ሰው ረጅም መንገድ አለ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሰጠው የተጣራ ፈሳሽ ነው፣ መጠኑም የታወቀ ነው። ጉኒያው የሚሰጠው ደግሞ ዱቄት ነው፣ በመዳፍ የተለካ። «ተመራማሪዎች አረጋገጡ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ በማን ላይ?

የጫካ ሰዎች መርዛማውን ከደህናው እንዴት ይለያሉ?

በቦታው፣ በዛፉ፣ በወቅቱ፣ በጠረኑ፣ ሲቆረጥ በሚያሳየው ቀለም። ዘንድሮ የለቀሙበት ቦታ እናታቸው የለቀመችበት ነው። የማያውቁትን አይነኩም። ሌላ ምስጢር የለውም።

የብር ማንኪያ ከጠቆረ መርዝ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ ማፍላት ያረክሰዋል፣ እንስሳ የበላው ለሰው ይሆናል የሚሉት ሁሉ ውሸት ናቸው። ህንድም አለ፣ አውሮፓም አለ፣ የትም አይሠራም። አማኒታ ከሚባሉት ገዳዮቹ ውስጥ ያለው መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ጣዕሙ ደግሞ ጥሩ ነው ይላሉ ከሞት የተረፉት።

በሚያዝያ 2022 በአሳም 13 ሰዎች የዱር እንጉዳይ በልተው ሞቱ። አብዛኞቹ የሻይ እርሻ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። በ2008ም በዚያው አካባቢ 20 ያህል ሰዎች በተመሳሳይ ሁኔታ አልቀዋል። የሻይ ሠራተኞቹ አያቶች በእንግሊዞች ዘመን ከጃርካንድ፣ ከኦዲሻና ከማዕከላዊ ህንድ የመጡ አዲቫሲዎች ናቸው። ያቺ እንጉዳይ የመልቀም ባህል አብራቸው መጣች። ጫካው ግን ሌላ ነው። ድህነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ይኼም አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት አለኝ።

ምልክቱ ምንድን ነው? ምን ይደረግ?

አታላይ ነው። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ምንም አይሰማም። ከዚያ ትውከት፣ ቁርጠት፣ እንደ ውኃ የሚወርድ ተቅማጥ ይመጣል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የተሻለ ይመስላል፤ ሰው «ዳንኩ» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጉበቱ እየሞተ ያለው ግን ያኔ ነው። ስለዚህ እንጉዳይ ከበሉ ከ6 ሰዓት በኋላ የጀመረ ትውከት ሆድ ማበላሸት ብቻ አይደለም። ሳትዘገዩ ሆስፒታል ሂዱ፣ ከተረፈው እንጉዳይ ወይም ከትውከቱ ይዛችሁ። አብሮ የበላ ሁሉ፣ ምንም ባይሰማውም፣ አብሮ ይሂድ።

እኛ አገር ያየሁት የጅብ ጥላ ከህንዱ ጋር ይመሳሰላል። መጠቀም እችላለሁ?

በፎቶ ተመሳስሎ ማለት ምንም ማለት አይደለም። በእኛም አገር እንጉዳይ የሚያውቁ ሕዝቦች አሉ፦ ማጃንግ፣ ከፋ፣ ቤኒሻንጉል። ከኩይሳ ላይ የሚወጣው የምስጥ እንጉዳይ በህንድም በኢትዮጵያም ይበላል። ማወቅ ከፈለጋችሁ እዚያው ካሉት አዋቂዎች ጋር ውጡ፤ የህንድ ቪዲዮ አይተካቸውም።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ። በመስከረም 2015 ጀርመን የገቡ ስደተኞች፣ በተለይ ሶርያውያን፣ አገራቸው የሚያውቁትን እንጉዳይ መስሏቸው ገዳዩን አማኒታ በልተው ሆስፒታሎች ተጨናንቀው ነበር። ካሊፎርኒያም ይኸው እንጉዳይ በኦክ ዛፍ ሥር ሞልቷል። ፓርክ ውስጥ ያማረ ነጭ እንጉዳይ ብታዩ ፎቶ አንሱና እለፉ።

ይህ ዕውቀት የማን ነው? ኩባንያ ቢወስደውስ?

ህንድ በዚህ ጉዳይ ተቃጥላ ተምራለች። በ1995 አሜሪካ ውስጥ እርድ ቁስል ያድናል ተብሎ የባለቤትነት መብት ተሰጠበት፤ ህንድ ተከራክራ በ1997 አሠረዘችው። ከዚያ በኋላ በ2001 የባህል ዕውቀት ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አቋቋመች። የውጭ መርማሪዎች «ይኼ ድሮም የታወቀ ነው» ብለው እንዲጥሉት ነው ዓላማው።

ችግሩ ቤተ መጻሕፍቱ የተሠራው ከተጻፉ ድርሳናት ነው። የባይጋው ዱቄትና የሰናፍጭ ዘይት በሳንስክሪት አልተጻፈም። ተመራማሪ መጥቶ ካልመዘገበው አይታወቅም፤ ተመራማሪ ከመዘገበው ደግሞ ጽሑፉ የተመራማሪው ስም ነው የሚኖረው። የ2002ቱ የብዝኃ ሕይወት ሕግ ማኅበረሰቦች ከሚገኘው ጥቅም እንዲካፈሉ ይላል። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ኪዳ ጃዲ ለቃሚው በረዶ ላይ ተኝቶ የሚያገኘውን ስታዩ ግን ድርሻው የት እንደሚቀር መገመት አያቅትም።

እርጉዝ ነኝ፣ ወይም እያጠባሁ ነው። የታሸገውን ብወስድ ችግር አለው?

ከገበያ የምትገዢው የተለመደ የምግብ እንጉዳይ በደንብ እስከበሰለ ድረስ ችግር የለውም። የጋኖደርማም ሆነ የኪዳ ጃዲ ዱቄትና ኪኒን ግን ይቅርብሽ። በእርጉዞች ላይ ደኅንነቱ አልተረጋገጠም፤ የአርሴኒኩ ነገርም አለ። ቀድመሽ ወስደሽ ከሆነ አትደንግጪ፤ አቁሚና ዕቃውን ከነማሸጊያው ይዘሽ ለክትትል ሐኪምሽ አሳዪ።